ሳትቆልፍ ሄደች

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብሎ መጀመር የአገር ደንብ ነው። እኔ በዚህ አልጀምርም፤ የተቀመጥኩት ሙት ልወቅስ ነው። የጥገና ክፍል ኃላፊያችን የነበረው ሰው ባለፈው ዓመት ሲቀበር ነጠላዬን አዘቅዝቄ ቆሜያለሁ። አፈር ሲለብስ አይቼ፣ ለልጆቹ «እግዜር ያጥናችሁ» ብዬ ወደ ቤቴ ተመልሻለሁ። በሕይወት ሳለ «እርስዎ» ስለው ኖርኩ። እዚህ ላይ ግን እሱ ነው።

ስለ ቤቴና ስለ ትዳሬ የምጽፈው ነገር የለም። ያ የእኔ ነው። የምጽፈው ስለ አንድ ጓጉንቸር ነው።

ዝም ብዬ ልቀር ነበር። ዝምታዬን ያስጣለኝ ሰንጋ ተራ፣ እኛ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ፣ ለቅሶ ድንኳን ተቀምጬ የሰማሁት ወሬ ነው። ሟቿ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጎረቤታችን ነበሩ። ሦስተኛው ቀን ስለሆነ ለቅሶው ቀዝቅዟል፤ ሰዉ ንፍሮ እየቆረጠመ የባጥ የቆጡን ያወራል። አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ የሟቿ የእህት ልጅ ነው። ምን እንደሚሠራ ሲጠይቁት አብነት ባለው ብስኩት ፋብሪካ የሠራተኞች ደኅንነት ኃላፊ መሆኑን ተናገረ። እኔ ሃያ ሰባት ዓመት በኤሌክትሪክ ጥገና የሠራሁበት ፋብሪካ ነው። ይህን ግን አልነገርኩትም።

«ማሽን ጨዋታ አይደለም» አለ ጎልማሳው። «እኛ ጋ አዲስ ሠራተኛ ሲገባ መጀመሪያ የምንነግረው የአንዲት ሴትዮ ታሪክ ነው። ኤሌክትሪሺያን ነበረች አሉ። መብራት ሄዶ፣ መካኒኩ ሊጥ ማቡኪያው ውስጥ እጁን ከትቶ ሲሠራ፣ እሷ ማጥፊያውን ሳትቆልፍ ልደታን ልትሳለም ሄደች። መብራት መጣ። የሰውየው ሁለት ጣት እዚያው ቀረ።»

«ኧረ ምን ዓይነቷ ናት» አሉ አንዲት ሴት።

«ሥዕልም አሠርተናል። ነጠላዋን ለብሳ፣ ጀርባዋን ለማሽኑ ሰጥታ ስትሄድ። ከሥሩ ‹ሳትቆልፍ ሄደች› ይላል። ሰው የተጻፈ ይረሳል፣ ሥዕል ግን አይረሳም።»

«እመቤታችንም ስለቷን አልተቀበለቻትም» አሉ አንድ ሽማግሌ፤ ሰዉ በለቅሶ ቤት የሚሳቀውን ያህል ሳቀ።

«ያቺ ሴትዮ ምን ሆነች?» አልኩት።

«እሱን እንኳ አላውቅም፣ እማማ። ሳትባረር አትቀርም።»

«አልተባረረችም» አልኩት። «እስቲ ንፍሮውን አቀብለኝ።»

እጁን ዘርግቶ አቀበለኝ።

አልተባረርኩም። አልለቀቅኩምም። ሲጀመር እንድገባም አልፈለጉም ነበር። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ዲፕሎማዬን ይዤ ጥገና ክፍል ስቀርብ ዘጠኝ ወንዶች ነበሩ። ኃላፊው ወረቀቴን ገለባበጠና «ማን ነው የላከሽ?» አለኝ። ማንም አልላከኝም አልኩት። «እንግዲያው አምፖል ትቀይር» አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለሌሎቹ። ሁለት ዓመት አምፖል ቀየርኩ። ስሜ «አምፖሏ» ሆነ። መሰላል ተሸክሜ ሳልፍ «አምፖሏ፣ ለእኛም አብሪልን» ይሉኛል።

ሥራውን ያስተማረኝ የመብራት መሄድ ነው። መብራት ሲሄድ ወንዶቹ ግቢ ወጥተው በቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ። እኔ ባትሪዬን አብርቼ የማሽኖቹን ማከፋፈያ ሳጥን እከፍታለሁ፤ የትኛው ሽቦ ከየት ተነስቶ የት እንደሚገባ አንድ በአንድ ተከትዬ በደብተር እጽፋለሁ። አንድ ቀን እንዲህ እጄን ሳጥን ውስጥ እንዳስገባሁ መብራት መጣ። ማንም አልነገረኝም፤ ማንስ ሊነግረኝ? ኮረንቲው ክንዴን መትቶ ከግድግዳ ጋር አላተመኝ። ሦስት ቀን በቀኝ እጄ ጉርሻ ማንሳት አቃተኝ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ብናገር «ሴት ናት» ብለው እንደገና ወደ አምፖል ይመልሱኛል።

የሠራሁት ስህተት የእኛው አገር ስህተት ነው። መብራት እንደ ልቡ በማይመጣና በማይሄድበት አገር ያለ ሰው አይሠራውም። እኛ ግን መብራት ከሄደ ማሽኑ የሞተ ይመስለናል። አልሞተም፤ ተኝቷል። መቼ እንደሚነሳ ደግሞ አይነግርህም። ኃላፊያችን ይባስ ብሎ ይህን ስህተት ደንብ አደረገው። የምርት ሰዓት እንዳይባክን ብሎ «ጽዳትና ጥገና መብራት ሲሄድ ይሁን» የሚል ትእዛዝ አወጣ። መብራት በሄደ ቁጥር ሰው ሁሉ እጁን ማሽን ውስጥ መክተት ጀመረ።

እኔ መርካቶ ወርጄ ጓጉንቸር ገዛሁ። የሌላ ሰው እንዳይመስል ቀይ የጥፍር ቀለም ቀባሁት። ጥፍሬን ቀብቼ አላውቅም፤ ቀለሙን የገዛሁት ለእሱ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እኔ ያለሁበት ሥራ ላይ መብራት ኖረም ሄደም ማጥፊያውን ዝቅ አድርጌ እቆልፋለሁ፤ መክፈቻው ኪሴ ይገባል። ሥራው አልቆ ሰው ሁሉ እጁን እስኪያወጣ አይከፈትም።

መሳቂያ ሆንኩ። ከሁሉ የባሰው መካኒኩ ነበር፤ ያው በኋላ ጣቱን ያጣው። ቀልደኛ ነው፤ ሰው ካልሳቀለት ምሳ አይዋጥለትም።

«የጥሎሽ ሳጥንሽን ቆለፍሽ?» ይለኛል።

ጓጉንቸሩን ስቤ አየዋለሁ።

«ጓጉንቸሩ ሲኳኳል አንቺ መች ልትኳኳዪ ነው?»

ሁልጊዜ መክፈቻዬን ኪሴ ከትቼ አልፈዋለሁ። አንድ ቀን ግን ሰው በተሰበሰበበት «ጣትህ የተቆረጠ ቀን» አልኩት። የዚያን ቀን እሱም ሳቀ። ይህን ቃል አልክድም። ያን ጊዜ መልሼ ብውጠው በወደድኩ። ነገር ግን ቃል ጣት አይቆርጥም።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ። ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቀን ነበር፤ ወርኃዊው ልደታ። ከረፋዱ ላይ መብራት ሄደ። ሊጥ ማቡኪያው ግማሽ ሊጥ በሆዱ ይዞ ቆመ። ሊጡን አወጡና መካኒኩ የመቅዘፊያውን ሥር እንዲፈታ ታዘዘ። ማቡኪያው ትልቅ ገንዳ ነው፤ ሰው ከጀርባው ጎንበስ ብሎ ሲሠራ ከፊት ለፊት አይታይም። ማጥፊያውን ዝቅ አድርጌ ጓጉንቸሬን አስገባሁና ሁለቴ ስቤ አየሁት።

«ቆልፌያለሁ» አልኩት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እቴጌ» አለኝ፣ እጁን ገንዳው ውስጥ እየከተተ።

የምሳ ሰዓት ሆነ። ከፋብሪካው እስከ ልደታ ማርያም በእግር ብዙ አይደለም። ደጁን ስሜ፣ ግንባሬን እምነት ተቀብቼ ልመለስ ወጣሁ። ለመካኒኩ ነግሬዋለሁ። ለኃላፊው አልነገርኩትም፤ ይህንንም አልክድም። ግን ጓጉንቸር የተሠራው እኮ ባለቤቱ በሌለበት እንዲናገርለት ነው። እኔ እዚያ ከቆምኩማ ጓጉንቸር ለምኔ ነው?

ስመለስ መብራት መጥቷል። በሩ ላይ ሰው ይራወጣል። መካኒኩን እጁን በዱቄት ከረጢት ጠቅልለው ወደ መኪና ሲያስገቡት አየሁ። ፊቱ ከከረጢቱ ይነጣል። ሮጬ ወደ ማጥፊያው ሄድኩ። ጓጉንቸሬ የለም። ማጥፊያው ወደ ላይ ተነስቷል። ወለሉ ላይ፣ ዘወትር ዱቄት በሚረግፍበት ቦታ፣ ግራጫ ነገር ያብለጨልጫል። በጣቴ ነካሁት። ዱቄት ግራጫ አይደለም። በመጋዝ የተቆረጠ ብረት ነው እንዲህ የሚረግፈው።

ኃላፊው ከኋላዬ ቆሟል።

«ምን ትፈልጊያለሽ?» አለኝ።

«ጓጉንቸሬን።»

«የምን ጓጉንቸር?»

«የቆለፍኩበትን።»

ዓይኑ ግንባሬ ላይ ያለውን እምነት አየ። «ሰው ገድለሽ ነበር» አለ። «ከልደታ መምጣትሽ ነው?»

ምስክር ልጠራ ወጣሁ። ይዤ የተመለስኩት አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ነበር። በደረስንበት ጊዜ ወለሉ ተጠርጎ፣ በውኃ ታጥቦ፣ በጨርቅ ተወልውሏል። እዚያ ፋብሪካ ውስጥ ወለል እንደዚያ ሲጸዳ ያን ቀን አየሁ፤ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም።

ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቀመጠ። መካኒኩ እጁን በፋሻ ጠቅልሎ መጣና፣ ዓይኔን ሳያይ፣ «ጓጉንቸር አላየሁም» አለ። ማሸጊያ ክፍል የሚሠሩት ሴቶች ሁሉም ምሳ ላይ ነበሩ፤ ወይም ነበርን አሉ። ከዚያ ወረቀት አቀረቡልኝ። «ማጥፊያውን ሳልቆልፍ ቦታዬን ለቅቄ በመሄዴ» ይላል። ከሥሩ የእኔ ስም አለ፤ ከስሜ ፊት ባዶ መስመር።

«አልፈርምም» አልኩ።

«ብትፈርሚ በማስጠንቀቂያ ያልፋል» አለኝ ከኮሚቴው አንዱ፣ እንደ ወንድም ሊመክረኝ።

«አልፈርምም።»

«እንግዲያው ልቀቂ» አለ ኃላፊው።

«አልለቅም።»

ከኪሴ መክፈቻውን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «ጓጉንቸር ከሌለ ይህ የምንድነው?» አልኳቸው። አንዱም አልነካውም። መልሼ አነሳሁት። በዚያው ቀን ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አሰርኩት።

ወደ አምፖል መለሱኝ። ጡረታ እስክወጣ አሥራ አንድ ዓመት አምፖል ቀየርኩ። እኔ የጻፍኩትን የሽቦ ደብተር አዲስ ለገቡ ወንዶች ሰጥተው ማሽኑን በእሱ ይጠግኑ ነበር። ሸክም ይበዛባታል ብለው መሰላሉን ሊይዙልኝ ይመጣሉ፤ አልሰጥም። ኃላፊው በሥሬ ሲያልፍ ቀና አይልም። እኔ ግን ከላይ ሆኜ አየዋለሁ። ራሱ መሐሉ ላይ ሲመለጥ ዓመት በዓመት ተከታትያለሁ።

መካኒኩ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደበ። ከእሱ አምፖል ስወስድ እፈርማለሁ፣ እወጣለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ከ«ስንት ነው?» እና ከ«አራት» በቀር አልተነጋገርንም።

ከለቅሶው ድንኳን በኋላ በሳምንቱ ልፈልገው ወጣሁ። አብነት፣ ከጋራዦቹ መሐል፣ በጠባብ ሱቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ እንደሚጠግን ሰው ነግሮኛል። ካቻቢቴውን በቀሩት ሦስት ጣቶቹ ይዞ አገኘሁት። ሸብቷል። ገና ሲያየኝ አወቀኝ።

«መጣሽ» አለ።

«መጣሁ።»

«ስለ ሥዕሉ ሰማሽ ማለት ነው።»

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«ልጄ እዚያ ናት፣ ማሸጊያ። የገባች ቀን አሳዩአት። ‹አባዬ፣ ይሄ ያንተ ጣት ነው አይደል?› አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

«አዎ አልኳት።»

«ስለ ጣትህ አልጠየቅኩህም። ስለ እኔ ምን አልካት?»

የያዘውን ምድጃ ገለበጠው፤ ከሥሩ ምንም የሚፈታ ነገር አልነበረም። መልሶ አቀናው።

«ተቀመጪ» አለኝ።

«ቆሜ እሰማሃለሁ።»

«ኃላፊው ጓጉንቸርሽን ሲቆርጠው ሰምቻለሁ» አለ። «የመጋዙን ድምፅ። ገንዳው ውስጥ ጎንበስ ብዬ ነው። ሌሎቹ ማሽኖች ተነስተዋል፤ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መጋዙ ይሰማኛል። የሆነ ቧንቧ የሚቆርጡ መስሎኝ። ጓጉንቸርሽ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። እጄን ያላወጣሁት አንቺ ቆልፈሽ ስለሄድሽ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ስስቅበት ኖሬ፣ አንድ ቀን አመንኩት። ያን ቀን።»

ቁጭ አልኩ።

«ታዲያ ‹አላየሁም› አልክ።»

«ኃላፊው ሆስፒታል ድረስ መጣ። ለካ መብራት ሲመጣ አንቺን ፈልጎ አጥቶ፣ እኔንም ሳያየኝ፣ ምርት እንዳይቆም ብሎ ነው የቆረጠው። ‹ጓጉንቸር ነበረ ካልክ እኔ እታሰራለሁ፤ አልነበረም ካልክ አንተ ግምጃ ቤት ትገባለህ። በሦስት ጣት መካኒክ ብሎ የሚቀጥርህ ማን ነው?› አለኝ። ደግሞ ያልሽኝ ቃል ነበር። ‹ጣትህ የተቆረጠ ቀን› ያልሽኝ። አልጋ ላይ ተኝቼ የማስበው እሱን ነው። ረገመችኝ፣ ደረሰብኝ እላለሁ። በአንቺ መናደድ ቀለለኝ።»

ከመደርደሪያው የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አወረደ። ከብሎንና ከአሮጌ ሽቦ መሐል እየፈለገ አንድ ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ጓጉንቸሬ ነው። ቅስቱ ከሁለት ተቆርጧል። ቀዩ ቀለም ከአንድ ጎኑ ብቻ ቀርቷል።

«ግምጃ ቤት ከውዳቂ ብረት ጋር ጥሎት አገኘሁት» አለ።

«ለምን አልጣልከውም?»

«ለምን እንዳልሰጠሁሽ ጠይቂኝ እንጂ።»

«እሱንም እጠይቅሃለሁ።»

«ሰውየው እንደሆነ ሞቷል» አለ። «አፈር ይቅለለው። አንቺም ይቅር በይኝ።»

«ይቅርታ ከፈለግህ ልደታ ሂድ፤ ቅርብ ነው። እኔ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። ያ ሥዕል እንዲወርድ ነው። አብረኸኝ ሂድና የነገርከኝን ንገራቸው።»

«ልጄን ያስወጡብኛል።»

በልጁ እንጀራ ላይ መቆም አልፈለግኩም። ደረሰኝ ከሚጽፍበት ጥራዝ አንድ ቅጠል ገንጥዬ ፊቱ አስቀመጥኩ። «እንግዲያው ጻፍ» አልኩት። በሦስት ጣት መጻፍ ጊዜ ይወስዳል። አላገዝኩትም፤ አላቸኮልኩትምም። «ጓጉንቸር ነበረ። ስትቆልፍ አይቻለሁ። ኃላፊው በመጋዝ ሲቆርጠው ሰምቻለሁ» ብሎ ጻፈ። ስሙን ጻፈ። ፈረመ። እኔ ያልፈረምኩበትን ወረቀት አስታወስኩና ፊርማው ላይ ትንሽ ቆየሁ። ወረቀቱንና ጓጉንቸሬን ቦርሳዬ ከትቼ ስወጣ «እቴጌ» ብሎ ጠራኝ። አልዞርኩም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ፋብሪካ ሄድኩ። የደኅንነት ኃላፊው ጎልማሳ በር ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ።

«እማማ፣ ለቅሶ ቤት አብረን ተቀምጠን አልነበረም? ምን ልርዳዎት?»

«ያቺ ሴትዮ ምን እንደሆነች ጠይቄህ ነበር። እኔ ነኝ።»

ለማመን ፊቴን ደጋግሞ አየ። ከዚያ የጨነቀው ሰው እንደሚያደርገው ሻይ ይምጣልዎት አለኝ። ሻይ አልፈልግም፣ ሥዕሉን አሳየኝ አልኩት።

ሥዕሉ መሰብሰቢያው ክፍል ውስጥ ነው፤ አዲስ ቱታ የለበሱ ሠራተኞች ከሥሩ ተቀምጠዋል። ትምህርታቸው ላይ ደርሼ ነው። ከፍ ብሎ በአራት ብሎን ግድግዳው ላይ ታስሯል። ነጠላዋን የተከናነበች ወፍራም ሴት ናት። እኔ በሕይወቴ ወፍሬ አላውቅም።

ወረቀቱን ለጎልማሳው ሰጠሁት። አነበበው፤ እንደገና አነበበው። ከአንገቴ መክፈቻውን አወጣሁና በተቆረጠው ጓጉንቸር ውስጥ ከትቼ አዞርኩት። ዝጓል፤ ትንሽ ተግደረደረና ዞረ።

«ገብቶኛል፣ እማማ» አለ ዝግ ብሎ። «ግን ሥዕሉን ለማውረድ የማኔጅመንት ፈቃድ ያስፈልጋል። ደብዳቤ እጽፋለሁ። ትንሽ ይታገሡኝ።»

«ሲሰቅሉት የእኔን ፈቃድ ጠይቀዋል?»

«አልጠየቁም።»

ኮሪደሩ ላይ መሰላል ቆሟል። የትኛውም ፋብሪካ ውስጥ ኮሪደር ላይ መሰላል አይጠፋም። ሄጄ አመጣሁትና ከሥዕሉ ሥር ዘረጋሁት። ከቦርሳዬ ካቻቢቴዬን አወጣሁ።

«እማማ፣ ኧረ ይወድቃሉ!»

«አሥራ አንድ ዓመት መሰላል ላይ ያኖራችሁኝ እናንተው ናችሁ። የደኅንነት ኃላፊ አይደለህ? መሰላሉን ያዝ።»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና መጥቶ መሰላሉን በሁለት እጁ ያዘ። መሰላል ላይ ስወጣ ሰው እንዲይዝልኝ ስፈቅድ የመጀመሪያዬ ነበር። አራቱን ብሎን አንድ በአንድ ፈታሁ። ሦስተኛው አስቸገረኝ፤ ቀለም ቀብተውበታል። ሥዕሉን አውርጄ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስደገፍኩት። ከዚያ ተመልሼ ወጣሁና አንዱን ብሎን መልሼ አሰርኩት። የተቆረጠውን ጓጉንቸር እሱ ላይ አንጠለጠልኩት፤ ቀዩ ጎኑ ወደ ሰዉ እንዲዞር አድርጌ።

«ከእንግዲህ ስታስተምሩ ይህን አሳዩ» አልኩ፣ መሰላሉ ላይ እንዳለሁ። «ቆልፋ ነው የሄደችው።»

ስወርድ ጎልማሳው መሰላሉን አልለቀቀም። ዓይኑ አንገቴ ላይ ነው።

«መክፈቻውንስ? አብረን ብናስቀምጠው?»

«መክፈቻው የሚኖረው ከቆለፈው ሰው ጋር ነው» አልኩት። «ደንቡ ይህ ነው። እሱንም ንገራቸው።»